ዘንጎቹን ትታችሁ ቁጥሩን አንብቡ

ቤት ውስጥ ጥሪ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ በስክሪኑ ጥግ ያሉትን የኔትወርክ ዘንጎች አትመኑ። አንዱ አምራች በሁለት ዘንግ የሚያሳየውን ሌላው በአራት ሊያሳየው ይችላል፤ የጋራ መለኪያ የላቸውም። በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ቅንብሮች ውስጥ «ስለ ስልኩ»፣ ቀጥሎም «የሲም ሁኔታ» የሚለውን ክፈቱ (ስያሜው ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያል)። እንደ -97 ዲቢኤም (dBm፣ የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ።

የመቀነስ ምልክቱ ብዙ ሰው ያሳስታል፦ ጠንካራው ወደ ዜሮ የቀረበው ነው። በ4ጂ -85 ጥሩ ነው፤ -105 ላይ መንገዳገድ ይጀምራል፤ -120 አካባቢ ከደረሰ ጥሪው በቋፍ ነው። የ10 ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ የ10 እጥፍ የኃይል ልዩነት ነው፤ ከ-110 ወደ -100 ለመድረስ አንዳንዴ ከግድግዳው ወደ መስኮቱ መጠጋት ብቻ ይበቃል። ቁጥሩ ዘግይቶ ስለሚታደስ በየቦታው ጥቂት ሰከንዶች ቆማችሁ አንብቡ።

የ3ጂን ቁጥር ግን ከ4ጂ ጋር አታወዳድሩ፤ የሚለኩት ነገር የተለያየ ነው። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፍ ከሆነም በየመስኮቱ መዞር ትርፉ ድካም ነው፤ ብዙውን ጊዜ የተጨናነቀው የኔትወርክ ጣቢያው (ማማው) ነው።