ከጅማ ወደ ድሬዳዋ ስታልፉ፦ ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ከልጆች ጋር

አዲስ አበባን ማደሪያ ብቻ የሚያደርጋት መንገደኛ ብዙ ነው። ከጅማ ተነሥቶ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ የዋለ ቤተሰብ ደክሞት ይገባል፣ እራቱን በልቶ ይተኛል፣ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ወደ ድሬዳዋ ይነሣል። ልጆቹ ከዋና ከተማቸው የሚያስታውሱት የሆቴሉን ቴሌቪዥንና የቃሊቲን የመኪና ሰልፍ ይሆናል። ይህ በጣም ይቆጨኛል። ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ፣ አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር ሴት ነኝ። የእህቴ ቤተሰብ የሚኖረው ጅማ ነው፤ የባለቤቷ ወላጆች ድሬዳዋ ስለሆኑ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በዚሁ መንገድ ያልፋሉ፣ እኔም ዘንድ ያርፋሉ። ከእነሱ ጋር ያደረግሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

ዋናው ምክሬ በአንድ ቀን ከተማዋን ሁሉ ለማዳረስ አትሞክሩ የሚል ነው። እንጦጦን፣ አንድነት ፓርክን፣ መስቀል አደባባይንና መርካቶን ለሌላ ጉዞ አቆዩአቸው። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ፣ ከዚያም ወደ ፒያሳ የምትወስደውን አንዲት መስመር ብቻ ያዙ። በዚህች አጭር መንገድ ላይ የፋሺስት ወረራ፣ የነፃነት ቀንና የዓድዋ ድል ተከታትለው ይገኛሉ። ታሪኩ ከቅርቡ ተነሥቶ ወደ ቀደመው ይነገራል ማለት ነው። እኔ ይህን አካሄድ እመርጠዋለሁ፤ ልጁ ስድስት ኪሎ ላይ «ጣሊያን ለምን ይህን አደረገ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱን ፒያሳ ሲደርስ ያገኘዋል። ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ልጅ አይሰለችም፣ እግሬን አመመኝም አይልም።

ስትገቡ

ከጅማ ማልዳችሁ፣ 12 ሰዓት ገደማ ተነሡ። የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት በጠዋቱ አየር ጨርሳችሁ ወልቂጤ ላይ አረፍ በሉ፣ እህል ቅመሱ። በሰበታ በኩል ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ከገባችሁ ከአየር ጤና እስከ ጦር ኃይሎች ያለው መጨናነቅ ብዙም አያስመርራችሁም። ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ሠራተኛው ሁሉ መንገድ ላይ ነው።

ማረፊያችሁ ከፒያሳ ወይም ከአራት ኪሎ አይራቅ። ክፍል ስትይዙ ከዋጋው አስቀድማችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ጥበቃ ያለው የመኪና ማቆሚያ ግቢ መኖሩን ነው፤ ሻንጣ የተጫነበት መኪና መንገድ ዳር አያድርም። ታሪክ የሚወድ ሰው ፒያሳ ያለውን የጣይቱ ሆቴል ቢጠይቅ መልካም ነው። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት፣ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። በ2007 ዓ.ም. የእሳት ቃጠሎ ጉዳት አድርሶበት ነበርና ክፍሎቹን አይታችሁ ወስኑ።

ለልጆቹ ሹራብ ያዙ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጅማን ሙቀት ለለመደ ልጅ ማታው ይከብደዋል፣ ዳገቱም ትንፋሹን ያሳጥረዋል። በመጀመሪያው ምሽት የትም አትውሰዷቸው። እራት ላይ ብቻ ነገ የሚያዩትን በጥቂቱ ንገሯቸው። እኔ የምነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጣሊያን ሁለት ጊዜ እንደመጣና በሁለቱ መካከል 40 ዓመት እንዳለ። ከዚያ በላይ አልጨምርም።

ስድስት ኪሎ

መኪናውን ሆቴሉ ግቢ ተዉትና በታክሲ ወደ ስድስት ኪሎ ውጡ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ እስከ አራት ኪሎ ቁልቁል ስለሆነ ለአዛውንትም ለሕፃንም ይቀላል። ከጠዋቱ 2፡30 ላይ እዚያ ሁኑ፤ በክረምት ዝናቡ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነውና ደጅ የሚታየውን በጠዋት መጨረስ ይሻላል።

አደባባዩ መካከል የቆመው የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ፋሺስቶች ደግሞ ለሦስት ቀን የከተማዋን ሕዝብ ጨፈጨፉ። በኢትዮጵያ በኩል የሚነገረው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። በሐውልቱ ዙሪያ ያሉት ቅርጾች ጭፍጨፋውን ፊት ለፊት ያሳያሉ። ከስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካላችሁ ዙሪያውን ሁሉ አታስኬዱት፤ ትልልቆቹን ግን አትከልክሏቸው። ለትንሹ የእህቴ ልጅ የነገርኩት እንዲህ ብዬ ነው፦ «ሰዎች መጥተው አገራችንን ወሰዱ። ሁለት ወጣቶች እንቢ አሉ። በዚያ ተናድደው ምንም ያላደረጉ ብዙ ሰዎችን ገደሉ፤ እኛ እነዚያን ሰዎች አንረሳም።» ከዚህ በላይ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጨመርኩም። የአሥራ አራት ዓመቷ እህቱ ግን «ለምን መጡ?» አለች። «ፒያሳ ስንደርስ» አልኳት።

ከአደባባዩ ጥቂት አለፍ ብሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ነው። በሩ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል፣ መታወቂያ ይጠየቃልና የሁላችሁንም መታወቂያ አንድ ሰው ይያዝ። ግቢው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረ ነው፤ ቦምቡ የተወረወረውም እዚሁ ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ በሥልጣን ላይ ያሳለፈውን አንድ ዓመት ያመለክታል፣ ቆጠራው ሮም ከገባበት ከ1922 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይጀምራል። ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ቁጥሩን እኔ አልነግራችሁም፣ ልጆቹ ራሳቸው ይቁጠሩት። ቆጥረው ሲጨርሱ የመጨረሻዋ እርከን የትኛው ዓመት ላይ እንደምትወድቅ አስልተው ያምጡላችሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት የለም።

ሕንፃው ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን የደረደረው በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ልጅ የሕይወት ዘመን ነው፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። ከልጅነቱ ክፍል ጀምሩ። የንጉሡ መኝታና መታጠቢያ ክፍልም እንዳለ ተጠብቆ ይታያል፤ ልጆች እዚያ በር ላይ ሲቆሙ «ንጉሥም እንደ እኛ ይተኛ ነበር?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃችኋል።

ብሔራዊ ሙዚየም

ቁልቁል ስትወርዱ ከአራት ኪሎ ሳትደርሱ ታገኙታላችሁ። ከእኔ መስመር ውጭ ያለ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ድንቅነሽን ሳያሳዩ ልጅ ይዞ በበሯ ማለፍ ለእኔ የማይሆን ነው። በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ውረዱ፤ ፎቁን ጉልበት ከተረፋችሁ ብቻ እዩት። ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች ናት፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር በሚባል ስፍራ ተገኘች። ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነው። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ይህን ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ በኋላ ከሌላ ሰው ሲሰሙ እንዳያዝኑ። ቁመቷ አንድ ሜትር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለነበር የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ ከቆመው ቅርጽ ጎን ቆሞ ራሱን ሊለካ ይችላል። እሷን ካዩ በኋላ ሰላምን ፈልጉ፤ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪቃ ላይ ያገኛት፣ በሦስት ዓመቷ ገደማ የሞተች ሕፃን ናት። በዕድሜ ግን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ስለሚሆናት ድንቅነሽን ትበልጣታለች። ሕፃኗ ትልቋን በዕድሜ መብለጧ ልጆችን ግራ ያጋባቸዋል፣ ደስም ያሰኛቸዋል።

አራት ኪሎ

እዚህ ብዙ አትቆዩ። ሐውልቱ የሚያዝያ 27 ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መዲናቸው ተመለሱ። ወረራውም ነፃነቱም በአንድ ቀን የሚታሰቡ መሆናቸውን አደባባዩ ዳር ቆማችሁ ብትነግሯቸው ይበቃል።

አያት ወይም አማት አብረዋችሁ ካሉ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን ሳይሳለሙ ማለፍ አይፈልጉም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር እዚያ ነው፤ ለኢትዮጵያ ነፃነት በብዕሯ የተሟገተችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስትም ያረፈችው በዚሁ ግቢ ነው። ነጠላ ከቤት ይዛችሁ ውጡ። ጫማ ውጭ ስለሚወልቅ ልጆቹ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማና ንጹሕ ካልሲ ይልበሱ፤ አሥር ማሰሪያ ያለው ጫማ የሁሉንም ጊዜ ይበላል።

ምሳችሁን አራት ኪሎ ብሉ። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ በያይነቱ በየቤቱ አለ። የሚጾም ትልቅ ሰውና የማይጾም ሕፃን በአንድ ገበታ ከተቀመጡ ግን ሁለቱንም የሚያዘጋጅ ቤት ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ፤ አዛውንቱን ከገበታ ማስነሣት ነውር ነው። ከ7 ሰዓት በፊት ተነሡ።

ፒያሳ

በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ያለው መንገድ ወርዶ እንደገና ይወጣል፤ ደክሟችሁ ከሆነ ታክሲ ያዙ።

ያረጀውን ፒያሳ የምታውቁ ወላጆች ልባችሁ ይነካል። ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ መንገዱም ሰፍቷል። እኔ የመጀመሪያ ደመወዜን ተቀብዬ ወርቅ የገዛሁባት ጠባብ ሱቅ የነበረችበትን ቦታ ዛሬ በእርግጠኝነት ማሳየት አልችልም። ስለዚህ የምታስታውሱትን ለልጆቻችሁ እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው፦ እዚህ ኬክ ቤት ነበር፣ እዚህ ከአባታችሁ ጋር ሲኒማ ገብተን ነበር። ለልጆቻችሁ ይህን የሚነግራቸው ሌላ ሰው የለም።

ከዚያ ወደ ምኒልክ ሐውልት ሂዱ። የስድስት ኪሎው ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጣሊያን ተሸነፈ። ሽንፈቱን ሲያብሰለስል ኖሮ በአርባኛው ዓመት ለበቀል ተመልሶ መጣ፤ ከተማዋንም እንደያዘ ይህን ሐውልት ከቦታው አስነሣው፣ ከነፃነት በኋላ ግን ተመልሶ ቆመ። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ «ሐውልት ያስፈራል እንዴ?» አለች። ያስፈራል አልኳት፤ የሆነውን ሁሉ ያስታውሳልና።

ከሐውልቱ ማዶ ባለ ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አለ፤ የዓድዋን ድል ለማሰብ የተሠራ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። ውስጡ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች አሉ። ግቢው ውስጥ ያለውን ሙዚየም የሚያስጎበኝ አገልጋይ ካገኛችሁ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁት፤ እናንተ ዝም በሉ።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ቅርብ ነው። ሲገነባ የዓድዋ ዜሮ ዜሮ ኪሎ ሜትር ፕሮጀክት ይባል ነበር። ሰፊ ስለሆነ ሁሉን እናዳርስ አትበሉ። ለአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ግን ጥቂት ደቂቃ አትንፈጉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሕዝቡ ለጣሊያን እንዳይገዛ በማውገዛቸው በጥይት የተገደሉ ጳጳስ ናቸው።

ስትወጡ

ከ9 ሰዓት በፊት ሻንጣችሁን ጭናችሁ መንገድ ያዙ። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትወርዱ መጨረሻው ላይ የአሮጌው የለገሃር ባቡር ጣቢያ ይታያችኋል። ወደ ድሬዳዋ ለሚሄድ ልጅ ይህ ቤት ዘመዱ ነው፤ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. በደረሰበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። የሴት አያቱ ወይም የወንድ አያቱ ሥራ ከባቡሩ ጋር የተያያዘ ከሆነ ድሬዳዋ ሲደርስ የሚጠይቀው ነገር ይዟል።

በቃሊቲ አድርጋችሁ ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን ያዙ። የመንገዱ ክፍያ እንዴት እንደሚፈጸም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጨለማ ሳይመጣ አዳማ ግቡና እደሩ፤ ከዚያ ወዲያ በመተሐራና በአዋሽ በኩል ያለው መንገድ የከባድ መኪና መተላለፊያ ስለሆነ በሌሊት አትንዱበት። ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሣችሁ መተሐራ ላይ የበሰቃን ሐይቅ በብርሃን ታዩታላችሁ፤ ሙቀቱ ሳይበረታም አዋሽን ታልፋላችሁ።