የፊት እግሩ ሲርገፈገፍ፦ በጋራዥ የተገጣጠመ አሮጌ ላንድ ክሩዘር እንዴት ይመረመራል

ሻንሲው ከአንዱ፣ አክስሉ ከሌላው፣ ሞተሩ ከሦስተኛው ተገኝቶ የቆመ ላንድ ክሩዘር ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ እንደ በግ ሲነዳ ይውልና፣ ዓባይን ተሻግሮ በጎንደር መንገድ ዘንዘልማ ላይ ፍጥነት ሲያገኝ መሪው ከእጅ ሊወጣ ይደርሳል። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ጎማ ባላንስ ያሠራል፤ አልሆን ሲል አዲስ የመሪ ሾክ (የመሪውን ንዝረት የሚያፍነውን ዕቃ) ይገዛል። ባላንሱ አንዳንዴ ይረዳል። የመሪ ሾኩ ግን በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ለተወሰነ ጊዜ ዝም ያሰኘዋል፤ ከሥሩ ያላላው ዕቃ መበላቱን ስለማያቆም ርግፍጋፌው ብሶበት ይመለሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠንካራ አክስል (ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ የሆነ) ላይ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ቲራንቴ፣ ማለትም አብሮ በሚያዞራቸው ዘንግ፣ የታሰሩ ስለሆኑ አንዱ ሲወዛወዝ ሌላውንም ይዞት ይሄዳል። ለዚህ አንድ የሚቀሰቅስ ነገር ያስፈልጋል፦ ሚዛኑን የሳተ ጎማ፣ ጉድጓድ፣ የድልድይ መጋጠሚያ። አንድ የሚፈቅድ ነገር ደግሞ አለ፦ ያለቀ ኩሽኔታ (ቤሪንግ)፣ የላላ ቴስቲና (የመሪ ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለ ባለ ኳስ መገጣጠሚያ)፣ የተበላ ቡሽ (በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባ የላስቲክ ቀለበት)። ቀስቃሹን ብቻ ያስወገደ ሰው የሚቀጥለው ጉድጓድ ላይ ያገኘዋል። ስለዚህ ሁለቱንም መፈለግ ነው።

መቼ እንደሚጀምር ይለዩ

ከ25 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ላይ መኪናውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያወዛውዘው ከሆነ ጎማው ውስጡ ተላቋል ወይም ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ተጣሟል። ከ80 በላይ ብቻ የሚነዝርና ፍጥነት ሲለወጥ የሚጠፋ ከሆነ ባላንስ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ከመጣ ታምቡሩን ወይም ዲስኩን ይዩ። ከሁሉ የሚከፋው ከ60 እስከ 80 መሃል አንድ ነገር ሲመታ ተነሥቶ፣ መኪናው በጣም እስኪቀንስ የማይቆመው ነው። እሱ ሲነሣ እግርዎን ከነዳጅ መርገጫው ላይ ያንሡ፤ መሪውን በሁለት እጅ ይያዙ፤ አውራ ጣትዎን ከመሪው ቀለበት ውጭ ያድርጉ፤ ፍሬኑን በቀስታ እየነኩ ያቀዝቅዙት። በኃይል መታገል ያባብሰዋል።

ከጎማው ይጀምሩ

መጀመሪያ ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ይጠቡት። በክረምት ወደ ፎገራ ሜዳ ደርሶ የተመለሰ መኪና ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጥቁር ጭቃ ይዞ ይመጣል። 7.50 በ16 ጎማ ዙሪያው 2.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሴኮንድ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል። ቸርኬው ላይ የተጣበቀ 200 ግራም ጭቃ በዚያ ፍጥነት 12 ኪሎ በሚያክል ኃይል ጎማውን ይጎትታል፤ ያውም በየዙሩ። ከዚህ በኋላ ባላንስ ይሠራ ቢባል ያስኬዳል።

ቀጥሎ ነፋሱ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ይሁኑ። መኪናውን በክሪክ አንሥተው ጎማውን በእጅ እያዞሩ ጠመኔ ወይም ሽቦ አስጠግተው ይያዙ። የጎማው ጎን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወጣ ገባ ካለ ቸርኬውን ለብቻው ይለኩ፤ እሱም ከ1.5 ካለፈ የተጣመመው ቸርኬው ነው። ቸርኬው ደህና ሆኖ ጎማው ላይ እብጠት ካለ ያ ጎማ ለፊት አይሆንም። መለኪያ ከሌለ የፊቱን ከኋላው ይቀያይሩ፦ ንዝረቱ ከመሪው ወጥቶ ወደ መቀመጫው ከሄደ ጥፋቱ የጎማው ነው።

የተገጣጠመ መኪና ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ቸርኬው ከሌላ መኪና መጥቶ የመሃል ቀዳዳው ከሀቡ (ቸርኬው ከሚታሰርበት የአክስሉ ጫፍ) ጋር ካልገጠመ፣ ወይም ዳዶው ለዚያ ቸርኬ የተሠራ ሾጣጣ ካልሆነ፣ ጎማው ባላንስ ማሽኑ ላይ ልክ ሆኖ መኪናው ላይ ይሳሳታል። ዳዶዎቹን ጎማው አየር ላይ እያለ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ያስይዟቸውና መጨረሻውን መሬት ላይ ያጥብቁ።

በክሪክ ላይ

ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ያነቃንቁ። ንቅናቄ ካለ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ እርስዎ እንደገና ያነቃንቁ። ፍሬን ሲያዝ ንቅናቄው ከጠፋ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ጥፋቱ ከዚያ ወደ ውስጥ ነው፤ መሪ ሲዞር ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት የመዞሪያው፣ ማለትም የላይና የታች ኩሽኔታዎች ናቸው። ይህ ግማሽ ደቂቃ የሚፈጅ ሙከራ ባለመሠራቱ ብቻ ስንት ደህና ኩሽኔታ ተፈትቶ ተጥሏል! ከዚያ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዘው ያነቃንቁ፤ የሚያንኳኳ ካለ ቴስቲና ነው።

መሬት ላይ፣ ክብደቱን እንደተሸከመ

ብዙ ጥፋት በክሪክ ላይ ይደበቃል። መኪናውን መሬት ላይ አቁመው ጎማዎቹን በሽብልቅ ይደግፉ። የኃይል መሪ ካለው ሞተሩ ተነሥቶ ይሥራ፤ ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ ይሁን። አንድ ሰው መሪውን ወደ ግራና ቀኝ አንድ ስንዝር ያህል ቶሎ ቶሎ ያወዛውዝ። እርስዎ ከታች ሆነው ጣትዎን በየመገጣጠሚያው ላይ ያድርጉ፤ ግማሹ አንዱን ዕቃ፣ ግማሹ ሌላውን ይንካ። ዓይን የማያየውን የ1 ሚሊ ሜትር ንቅናቄ ጣት ያውቀዋል። ከመሪ ሳጥኑ ጀምረው ወደ ጎማው ይሂዱ፦ ሳጥኑ ከሻንሲው ጋር የታሰረበት፣ ከሳጥኑ የሚወርደው ክንድ፣ ከክንዱ የሚሄደው ዘንግ፣ የቲራንቴው ሁለት ጫፍ። ባለ ባሌስትራ (ተደራራቢ ዝርግ ብረት ሞላ) ከሆነ የባሌስትራውን ቡሾችና አክስሉን የሚያቅፉትን ዩ ቅርጽ ብሎኖች፣ ባለ ሞላ ከሆነ አክስሉን ከጎን የሚይዘውን ረጅም ዘንግ ቡሽ ይንኩ።

የመሪ ሳጥኑን ማሠሪያ በተለይ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ይዩት። ሳጥኑ ከሌላ ሞዴል ተወስዶ በብየዳ በተገጠመበት ሻንሲ ላይ ጭቃውና ቀለሙ ስንጥቅ ይሸፍናሉ። መሪው ሲወዛወዝ በቀለሙ ላይ ቀጭን የዝገት መስመር ከፈት ከደን ካለ ነገሩ እዚያ ነው። የመሪ ክንድን በጋዝ አሙቆ ማጠፍ ወይም ቲራንቴ ቆርጦ መበየድ ግን አይሞከርም። የተበየደው ቦታ ሲሰበር ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

በዓሣ ሚዛን

የመዞሪያው ኩሽኔታዎች ልክ መጥበቃቸውን በእጅ መገመት አይቻልም። የሚለካው መሣሪያ ግን ከጣና ዳር አይጠፋም፦ አምባዛ የሚሰቀልበት መንጠቆ ያለው ባለ ሞላ ሚዛን። ባለ 10 ኪሎው ይሻላል፤ ባለ 50 ኪሎው ላይ ትንሿ ልዩነት አትነበብም።

ሀቡና የውስጥ ዘንጉ ይወጣሉ፤ ቲራንቴው ይፈታል፤ በአክስሉ ጫፍ ያለውን ትልቅ ኳስ የሚደፍነው የላስቲክ ማኅተምም ይላቀቃል፣ አለዚያ የእሱ መያዝ ንባቡን ያሳስታል። መንጠቆው ቴስቲናው በሚገባበት የክንዱ ቀዳዳ ላይ ይግባ። ከክንዱ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ቀስ ብለው ይሳቡና ክንዱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ያለውን ቁጥር ያንብቡ። በላንድ ክሩዘር 80 ሞዴል ከ3 እስከ 6 ኪሎ መሆን አለበት። ካነሰ ከላይኛው ክዳን ሥር ካለው ስስ የማስተካከያ ላሜራ ይቀነሳል፤ ከበዛ ይጨመራል። ከታችም ላሜራ ያለው ሞዴል ላይ የታችኛውን አይንኩ፤ ዘንጉ መሃል ላይ እንዲሄድ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ላሜራ ከመቀነስዎ በፊት ግን ክንዱን ዳር እስከ ዳር በእጅ ያዙሩት። ቀጥታ አቅጣጫ ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚገባበት ጎድጎድ ካለው የኩሽኔታው መቀመጫ ተበልቷል። መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን ቀጥታ ስለሚሄድ መቀመጫው የሚበላው እዚያው ነው። ይህን ላሜራ አያድነውም፤ ኩሽኔታው ከነመቀመጫው ይቀየራል። በዚህ አጋጣሚ ግሪሱንም ይዩት። እንደ ሽሮ ከቀጠነ የዲፈረንሻል ዘይት የውስጡን ማኅተም አልፎ ገብቷል። ወተት ከመሰለ ውሃ ነው፤ መኪናውን ሐይቁ ውስጥ እስከ ሀቡ ድረስ ነድቶ ማጠብ የሚያመጣው ይህን ነው።

ማዕዘኖቹ

ልቅ ነገር ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አላይመንት ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው። የጎማዎቹን የፊት መጥበብ በሜትርና በጠመኔ ቤት መሥራት ይቻላል። በሁለቱ ጎማዎች ጀርባ፣ በአክስሉ ከፍታ፣ የጎማውን ጥርስ መሃል ምልክት ያድርጉና በምልክቶቹ መካከል ያለውን ይለኩ። መኪናውን ወደፊት ብቻ ገፍተው ምልክቶቹ ከፊት እዚያው ከፍታ ላይ ሲደርሱ እንደገና ይለኩ። ለራዲያል ጎማ ፊቱ ከጀርባው ከ0 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ ለአሮጌው የሸራ ጎማ ከ3 እስከ 5 ቢጠብ ልክ ነው።

ባሌስትራው ከፍ እንዲል ተለውጦ ወይም መንጠልጠያው ረዝሞ ከሆነ ደግሞ አክስሉ ወደፊት አጎንብሷል፤ መሪውም ራሱ ወደ መሃል አይመለስም። ይህ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል በሚገባ ሽብልቅ ይስተካከላል። አክስሉ ከባሌስትራው በላይ ከተቀመጠ የሽብልቁ ወፍራም ጎን ወደፊት፣ ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከሆነ ወደ ኋላ ይሁን። የአሉሚኒየም ሽብልቅ ስለሚጨፈለቅ ብረት ይጠቀሙ። ስልክ ላይ ባለው የማዕዘን መለኪያ ሽብልቁ ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ይለኩ፤ ከ3 ዲግሪ በላይ በአንዴ አይጨምሩ። ሲበዛ በዝቅተኛ ፍጥነት አዲስ ርግፍጋፌ ይወልዳል።

የመሪ ሳጥኑ ማስተካከያ ብሎን የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ጎማዎቹ ቀጥታ ሆነው፣ በሩብ ዙር በሩብ ዙር። ከልክ በላይ ከጠበቀ መሪው ሳይመለስ ይቀራል፣ ሳጥኑም ይበላል። የመሪ ሾኩን ነቅለው በእጅ ይሳቡት፤ ሲወጣም ሲገባም እኩል ካልያዘ፣ መሃል ላይ ባዶ ቦታ ካለው ወይም ዘይት ካስለቀሰ አሁን ይቀየር።

መንገዱ ጭር በሚልበት ማለዳ መጀመሪያ በኮብልስቶኑ ላይ በዝግታ፣ ከዚያ በጎንደር መንገድ 10 በ10 እየጨመሩ ይሞክሩት። ሲመለሱ የጎማ ዳዶዎቹንና አክስሉን የሚያቅፉትን ዩ ብሎኖች እንደገና ያጥብቁ፤ ሽብልቅ የገባበት ባሌስትራ በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ይረግጣል፣ ብሎኖቹም በዚያው መጠን ይላላሉ።