ዳዴ ስትሠሩ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ሐዋሳ ማለዳ ወደ ፍቅር ሐይቅ ብትወርዱ ሯጩ፣ ገመድ ዘላዩ፣ ፑሽ አፕ ሠሪው ብዙ ነው። አሁን አሁን ሣሩ ላይ በአራት እግሩ ዳዴ የሚልም አያለሁ። ደስ ይለኛል። ጂም አይፈልግ፣ ብረት አይፈልግ፤ ትከሻን፣ ሆድን፣ ወገብንና ጭንን ባንዴ ያሠራል። ግን ብዙዎቻችን ስንሳሳት ልፋታችን በከንቱ ይቀራል።

አነሳሱ እንዲህ ነው። መዳፍ ከትከሻ ሥር፣ ጉልበት ከዳሌ ሥር ይሁን። የእግር ጣቶች መሬቱን ይቆንጥጡ። ከዚያ ጉልበታችሁን ከመሬት ሁለት ሦስት ጣት ያህል ብቻ አንሱት።

አንደኛው ስህተት መቀመጫን ወደ ላይ መስቀል ነው። ጭን ሲደክም ሳይታወቀን እናደርገዋለን። ጉልበት ይዘረጋል፣ ሸክሙ ትከሻ ላይ ይወድቃል፣ ጭንና ሆድ ያርፋሉ። ጉልበታችሁ መሬቱን ሊነካ ምንም እንዳልቀረው ሆኖ ይቆይ። የሚያቃጥለው እዚያ ነው፤ ጥቅሙም እዚያ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ዳሌን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ነው። የዳዴ ትልቁ ሥራ እጅና እግር ሲንቀሳቀስ ወገብ ዝም እንዲል ማድረግ ነውና። ራሳችሁን ለመፈተን ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙሉና ወገባችሁ ላይ አግድም አስተኙት። እኔ ስሞክረው ሦስተኛው እርምጃ ላይ ተንከባሎ ሣሩ ላይ ወደቀ። እርምጃዬ ረጅም ነበር። እጄን ከነበረበት አንድ ስንዝር ብቻ ማስቀደም ስጀምር ሃይላንዱ ረጋ። ሆዳችሁንም ጠበቅ አድርጉት፤ ሆድ ሲላላ ወገብ ይሰረጉዳል፣ ኋላ የሚያማችሁም እሱ ነው።

የቀኝ እጅና የቀኝ እግርን አብሮ ማንሳትም የተለመደ ነው። ቀኝ እጅ ከግራ እግር፣ ግራ እጅ ከቀኝ እግር ጋር ይሂድ። ዳዴ የሚል ሕፃን ቤት ካለ እሱን ተመልከቱ። ከተምታታባችሁ ሳትሄዱ ባላችሁበት እያፈራረቃችሁ አንሱ።

መቸኮልና ትንፋሽ መያዝ አይለያዩም። ድምፅ አውጥታችሁ ቁጠሩ፤ መቁጠር ካቃታችሁ ቀስ በሉ።

ሐይቁን ማየት ያምራል፣ ግን ቀና ባላችሁ ቁጥር አንገት ይጨነቃል። ዓይናችሁ ከእጃችሁ ትንሽ ፈንጠር ብሎ መሬቱ ላይ ይሁን። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ አትሥሩ፤ አንጓ ይጎዳል። ሣር ወይም የቤት ምንጣፍ ይሻላል። ጣቶቻችሁን ዘርጉ፣ ክብደቱን ለመዳፍ ሥር ብቻ አትተዉት። የእጅ አንጓ ወይም የትከሻ ጉዳት ያለበት፣ የደም ግፊት ያለበትም፣ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ለጀማሪ 20 ሰከንድ ሠርቶ 40 ሰከንድ ማረፍ፣ ይህንንም አራት ጊዜ መደጋገም በቂ ነው። ሃይላንዱ መንሸራተት ከጀመረ ግን 20 ሰከንዱ ባይሞላም ጉልበታችሁን መሬት አሳርፉ።