ለገና የሚሠራ የሹራብ ኮፍያ፦ ችግሩ፣ መንሥኤውና መፍትሔው

የታኅሣሥ ብርድ በጎጃም ሁሉ እኩል አይደለም። ጮቄ ተራራ ሥር ማለዳ ከብት የሚያወጣ ልጅ ውርጩ ጆሮውን ያደነዝዘዋል፤ ባሕር ዳር ያለው ወንድሙ ደግሞ ረፋዱ ላይ ኮፍያውን ያወልቃል። ለቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ልክና በአንድ ክር መሥራት ስለዚህ አያዋጣም። ከዚህ በታች ያለው በሁለት መርፌ ጠፍጣፋ ተሠርቶ ከኋላ ለሚሰፋ ኮፍያ ነው። ክሩ መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ መርፌው 5 ሚሊ ሜትር። ለአንድ አዋቂ 100 ግራም ክር ይበቃል። መርፌው ላይ የምትቀመጠውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት ዘለበት እንላታለን፤ ልሙጧን ቀጥ፣ ጉብ ያለችዋን ግልብጥ።

ኮፍያው ዓይን ላይ ይወርዳል፣ ወይም ጭራሽ አይገባም

አብዛኛው የኮፍያ ችግር ይኸው ነው፤ የሚመጣውም ሥራው ሳይጀመር ነው። አንዱ ክሩን ጠበቅ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ይይዛል። 88 ዘለበት ይዛችሁ ብትጀምሩ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 18 ዘለበት የሚያወጣ እጅ 49 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ይሰጣችኋል። 16 የሚያወጣ ላላ ያለ እጅ 55፣ 20 የሚያወጣ ጠባቂ እጅ 44 ሴንቲ ሜትር። ክሩም መርፌውም አንድ ሆኖ ልዩነቱ 11 ሴንቲ ሜትር ነው።

መፍትሔው ናሙና ነው። 24 ዘለበት ይዛችሁ 30 ረድፍ ሥሩ፤ ውሃ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ዘርግታችሁ አድርቁት። ስትለኩ መሐሉን እንጂ ጠርዙን አትቁጠሩ፤ ጠርዝ ሁልጊዜ ይዋሻል። ከዚያ ጭንቅላቱን ከቅንድብ ከፍ ብሎ በጆሮ ላይ በሚዞር መስመር ለኩ። የአንድ ዓመት ሕፃን 46፣ የሦስት ዓመት ልጅ 49፣ ሴት 55፣ ወንድ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሹራብ ተለጥጦ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ለአዋቂ 5፣ ለልጅ 3 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ።

ለአባት፦ 57 ሲቀነስ 5፣ 52 ይሆናል። በ10 ሴንቲ ሜትር 18 ዘለበት የሚያወጣ እጅ ካላችሁ በ1.8 ሲባዛ 94 ገደማ። ጫፉን ስትቀንሱ እንዲስማማችሁ ለ8 ወደሚካፈለው ቅርብ ቁጥር፣ ወደ 96 ውሰዱት፤ ለስፌቱ 2 ጨምራችሁ በ98 ጀምሩ። ለእናት በዚሁ ስሌት 88 እና 2፣ ማለትም 90 ነው።

ሁለት ነገር ግን ይህን ስሌት ያፈርሱታል። ልጃገረድ ፀጉሯ ሳይሠራ ተለክታ በበዓሉ ዋዜማ ሹሩባ ከተሠራች ኮፍያው ይጠብባታል። እናት ደግሞ ሻሽ የሚያስሩ ከሆነ በሻሹ ላይ ነው የሚለኩት፤ ከላይ ነጠላ ስለሚለብሱም ቀጠን ባለ ክር ይሠራላቸው። አጎት ቄስ ከሆኑ በጥምጥማቸው ላይ ኮፍያ አይደርቡም፤ ለእሳቸው የአንገት ሻርፕ ይሻላል።

ሰፍቶ ላለቀ ኮፍያ፦ ስፌቱን ፍቱና ከየጎኑ 2 ዘለበት ወደ ውስጥ አስገብታችሁ መልሳችሁ ስፉት። 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠብባል። ከዚያ በላይ ከሆነ ተርትራችሁ መጀመር ነው። የተተረተረው ክር እንደ ተጠማዘዘ አይሠራበት፤ ታጥቦ በክብደት ተንጠልጥሎ ይድረቅ።

ግንባር ላይ መስመር ያወጣል

ሰውነቱ በልክ ሆኖ ጠርዙ ብቻ ከጠበቀ የመጀመሪያው ረድፍ ተወጥሮ ነው። ሁለት መርፌ ጎን ለጎን ይዛችሁ ዘለበቶቹን በሁለቱም ላይ ጀምሩ፣ ከዚያ አንዱን ምዘዙት። ላለቀ ኮፍያ ስፌቱን ከታች ጥቂት ፍቱ፤ ከመጀመሪያው ረድፍ በላይ ያሉትን ዘለበቶች አንድም ሳታስቀሩ በመርፌ ሰብስቡ፣ የታችኛውን ክር ቁረጡና አውጡት፣ ከዚያ በ6 ሚሊ ሜትር መርፌ ላላ አድርጋችሁ ዝጉት።

ጠርዙ ይጠቀለላል

ፊቱ ቀጥ ብቻ የሆነ ሹራብ ከታች ወደ ፊት ይጠቀለላል፤ የፊቱና የጀርባው ዘለበት እኩል ስለማይስብ ነው። ካውያ አያስተካክለውም። የመጀመሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር ሁለት ቀጥ ሁለት ግልብጥ አድርጋችሁ ላስቲክ የሚባለውን የሚለጠጥ ጠርዝ ሥሩ። በ90 ስትጀምሩ ረድፉ በሁለት ቀጥ ጀምሮ በሁለት ቀጥ ያልቃል፤ ከየጎኑ አንዷ በስፌቱ ስትዋጥ የቀሩት ሁለቱ ተገናኝተው መስመሩ ሳይቋረጥ ይዞራል። የላስቲኩ መስመር ተሰባብሮ ነጠብጣብ ከሆነ መርፌውን ስታዞሩ ቅደም ተከተሉን ስታችኋል። ልሙጥ ሆና የምትታያችሁን ቀጥ፣ ጉብ ያለችውን ግልብጥ አድርጉ፤ ቁጥር ማስታወስ አያስፈልግም።

ዘለበቱ ይበዛል ወይም ይጎድላል

ከበዛና መሐል ላይ ቀዳዳ ካለ፣ ከግልብጥ ወደ ቀጥ ስታልፉ ክሩን ወደ ኋላ ሳትመልሱ ቀርታችሁ በመርፌው ላይ ተጥሎ ትርፍ ዘለበት ሆኗል። በረድፍ መጀመሪያ ላይ ከበዛ፣ ክሩ በመርፌው ላይ ወደ ኋላ ተስቦ የመጀመሪያዋ ዘለበት ሁለት መስላ ተሠርታለች። ከጎደለ አምልጣ መሰላል ሠርታለች፤ በኪሮሽ እየነጠቃችሁ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ መልሷት። በየ4 ረድፉ ቁጠሩ።

ጫፉ ይሾላል፣ ይሸበሸባል፣ ቀዳዳ ይተዋል

መቀነሱ ሲዘገይ ይሾላል፣ ሲፈጥን ይሸበሸባል። ለ88፣ ከታች 15 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ጀምሩ፦ 9 ሥሩ፣ 2 አንድ ላይ ያዙ (ሁለቱን እንደ አንድ ዘለበት ሥሩ)፤ እስከ መጨረሻው እንዲሁ። በጠርዝና በጠርዝ ያሉት የስፌት ዘለበቶች አይነኩም። ቀጣዩ ረድፍ ሳይቀነስ ይሠራል፣ ከዚያ 8 ሥሩና 2 ያዙ፣ እያለ ይወርዳል። 40 ሲቀር በየረድፉ ቀንሱ፣ የጀርባው ረድፍ ላይ ሁለቱን በግልብጥ እየያዛችሁ። 8ቱና ሁለቱ የጠርዝ ዘለበቶች ሲቀሩ ክሩን 40 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ በመስፊያ መርፌ ሁለት ጊዜ በሁሉም ውስጥ አሳልፋችሁ አጥብቁ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ቀዳዳው ተመልሶ ይከፈታል። የቀረው ክር ጀርባውን ይሰፋል።

ሲታጠብ ተበላሸ፣ ወይም ይኮሰኩሳል

ገበያ ላይ ክሩ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ትንሽ ቆርጣችሁ በመቆንጠጫ ይዛችሁ አቃጥሉ፦ የፀጉር ሽታ ኖሮት ሲነኩት የሚፈረፈር ሱፍ ነው፤ እንደ ወረቀት የሚነድ ጥጥ ነው፤ ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ፍሬ የሚሆን ሰው ሠራሽ ነው። ሱፍ በሙቅ ውሃ ታሽቶ ከታጠበ ይጠብባል፣ አይመለስም። ሰው ሠራሽ ካውያ ሲነካው መለጠጡን አጥቶ ይረግባል። በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ለብቻው ሲሆን ስለማይሰበሰብ ይረግባል፤ ከሱፍ ክር ጋር ደርባችሁ ሥሩት። የዋሸራ በግ ፀጉሩ አጭር ስለሆነ ለክር አይሆንም፣ ከደጃችሁ ቢኖርም አትድከሙበት።

ቀዩ ክር ነጩን ያቀላው እንደሆነ ለማወቅ አስቀድማችሁ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላችሁ አሳድሩት፤ ጨርቁ ከቀላ ክሩ ቀለም ይለቃል። ግንባር የሚኮሰኩስ ከሆነ ከአሮጌ ካናቴራ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ በሚለጠጥበት አቅጣጫ ቁረጡና ላስቲኩ ውስጥ ላላ ባለ ስፌት ያዙት። የማይለጠጥ ጨርቅ ከገባ ኮፍያው አልገባም ይላል።