የላዳ ጭስ ማኒፎልድ ሲያሾልክ፦ በጥገናው ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሮጌ ላዳ ጠዋት በብርድ ሲነሣ ከሞተሩ ቀኝ በኩል ጠክ ጠክ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቫልቩን ነው። የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ይሠራል፤ የቫልቩ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር ሆኖ እያለ ደግሞ ደጋግሞ ይስተካከላል፣ ድምፁ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ከማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ ተቀብሎ ወደ ማውጫው ቱቦ ከሚያስተላልፈው ብረት) የሚያመልጥ ጭስ ድምፁ በብርድ ይጎላል፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ይብሳል፣ ብረቱ ሞቆ ሲሰፋ ደግሞ ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ለማረጋገጥ ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሥቶ፣ ረዳት የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ እንዲይዝ ማድረግ ይበቃል፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ በሚያሾልክበት በኩል ፉጨቱ ይሰማል። በጋስኬቱ (በማኒፎልዱና በሞተሩ መካከል ባለው ማሸጊያ) ጠርዝ ላይ የተሰመረ ጥቁር ጥላሸትም ቦታውን ያሳያል።

ድምፁን ለምዶ ማሽከርከር ሁለተኛው ስህተት ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ስለሆነ፣ በአሮጌ መኪና ሞተሩንና ተሳፋሪውን በሚለየው ግድግዳ ላይ ባሉት ያረጁ ቀዳዳዎች አልፎ ሳይታወቅ ወደ ውስጥ ይገባል። በክረምት መስኮት ዘግቶ የሚሠራ ሾፌር ራሱን ካመመውና ካዞረው ድካም ነው ብሎ ማለፍ የለበትም።

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ግን ዳዶውን በጉልበት መፍታት ነው። በላዳ ሞተር የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በአንድ ጎን ተደርድረው በጋራ ጋስኬት ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚይዟቸው 8 ሚሊ ብሎኖች ደግሞ በአሉሚኒየም ቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ የተተከሉ ናቸው። ለዓመታት ሲግልና ሲቀዘቅዝ የኖረ ብሎን ከዳዶው ጋር ተጣብቆ አንድ ይሆናል። ባለ 13 ቁልፍ አስገብቶ ረጅም ቱቦ ሰክቶ የሚጎትት ሰው በመጀመሪያ ትንሽ ላላ ያለ መስሎ ይሰማዋል፤ ያ ልስላሴ ግን ዳዶው የተፈታበት ሳይሆን ብሎኑ መጠምዘዝ የጀመረበት ነው፣ ከዚያ በኋላ የቀረው መቆረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ደጋግሞ መቀባት፣ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ መጥረግ፣ ሲፈቱም ሩብ ዙር ፈትቶ መልሶ እያጠበቁ ቀስ በቀስ መሄድ ያስፈልጋል። ዳዶውን በእሳት ማሞቅ ይረዳል፤ ሆኖም ካርቡሬተሩና የቤንዚን ቱቦው እዚያው አጠገብ ስላሉ፣ እነርሱ ተነሥተው ቤንዚኑ ከአካባቢው ሳይርቅ እሳት ማስጠጋት እብደት ነው። ብሎን ከተቆረጠም በእጅ መሰርሰሪያ በግምት ከመብሳት ወደ ቶርኖ ቤት መውሰድ ይሻላል፣ ምክንያቱም መሰርሰሪያው ጠንካራውን ብሎን ትቶ ለስላሳውን አሉሚኒየም ይበላልና።

ማኒፎልዱ ከወጣ በኋላ ፊቱ ጠፍጣፋ መሆኑን ሳይለኩ አዲስ ጋስኬት ማልበስ የተለመደ ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፊቱ ላይ አስተኝቶ ከሥሩ የቫልቭ መለኪያ ቅጠል (ውፍረቱ የታወቀ ስስ ብረት) ማሳለፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ 0.2 ሚሊ ቅጠል ካለፈ ለቶርኖ እልካለሁ፣ አለዚያ አዲሱ ጋስኬት ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ቦታ ይቃጠላል። አሮጌው ጋስኬት አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን መፋቅም ሆነ በኮምፕረሰር መንፋት አይገባም፤ በውሃ እያራሱ በፕላስቲክ መፋቂያ ማንሣት ለሳንባም ለቴስታታውም ይበጃል። በጋስኬት ፈንታ ሲሊኮን መለቅለቅን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፦ ቀዩ እንኳ የሚችለው 300 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የጭሱ ሙቀት ከዚያ በእጅጉ ያልፋል።

ማኒፎልዱ ተሰንጥቆ ከተገኘ በተራ የብረት ኤሌክትሮድ ማስበየድ ገንዘብ መጣል ነው። ቀልጦ የተሠራ ብረት ሳይሞቅ ከተበየደ፣ ከብየዳው ጎን በራሱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ያወጣል። በኒኬል ኤሌክትሮድ የሚሠራ፣ ብረቱን አስቀድሞ የሚያሞቅና ከብየዳ በኋላ በአመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ የሚተው ባለሙያ ካልተገኘ፣ ያልተሰነጠቀ ማኒፎልድ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች መፈለግ ይመረጣል።

ለምን እንደተሰነጠቀ አለመጠየቅም ያው ስህተት ነው። በላዳ ላይ ከማኒፎልዱ የሚወርደው ቱቦ ካምቢዮው ላይ በተሰቀለ መያዣ ይታሰራል፤ ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ ያወረደ መካኒክ ይህችን መያዣ መሬት ላይ ረስቷት ከሄደ፣ የቱቦው ክብደት በሙሉ በማኒፎልዱ ላይ ይንጠለጠላል። የማርሚታው ማንጠልጠያ ጎማዎች ሲበጠሱና የሞተሩ ፋውንዴሽን (ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ) ሲያረጅም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ከስታርተሩ በላይ ያለውን የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ «ትርፍ ነው» ብሎ የሚያስቀር መካኒክም አጋጥሞኛል፤ መኪናው ሞቆ ከቆመ በኋላ ስታርተሩ እንቢ ሲል ምክንያቱ ለብዙ ቀን አልታወቀም ነበር።

ሲገጠም ዳዶዎቹን ከመሀል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ እስከ 20–25 ኒውተን ሜትር ማጥበቅ ተገቢ ነው፤ ከአንድ ዳር ጀምሮ መጨረስ ጋስኬቱን ያጣምማል። ወደ ታችኛው ቱቦ የሚገቡት አራቱ ዳዶዎች የነሐስ የሆኑት እንዳይጣበቁ ስለሆነ በተራ የብረት ዳዶ መተካት የለባቸውም። ጋስኬቱ በመጀመሪያው ሙቀት ስለሚታመቅ፣ መኪናው ጥቂት ከተነዳና ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት ከመነሣቱ በፊት፣ ዳዶዎቹ በዚያው ቅደም ተከተልና በዚያው ኃይል አንድ ጊዜ ይደገማሉ።