ፒክአፑ ሲንቀጠቀጥ፦ ፖምፓ ከማስወረዳችሁ በፊት

ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሚኒሞ ላይ ሲቆም መሪውም ዳሽቦርዱም በሩም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ጅማ ውስጥ መጀመሪያ የምትሰሙት ፍርድ ያው የታወቀ ነው፤ «ፖምፓው አልቋል፣ ይውረድ።» አትቸኩሉ። ፖምፓ፣ ማለትም ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ክፍል፣ አንዴ ከወረደ ሂሳቡ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከፖምፓው በፊት ያለ ነገር ነው፦ ናፍጣው፣ ፊልትሮው፣ ወይም አየር የሚያስገባ አንድ የላላ ማሰሪያ። ይህን ደግሞ ግቢያችሁ ውስጥ ከቁልፍ፣ ከፒንሳና ከባዶ ሃይላንድ ሌላ ብዙም ሳትፈልጉ ማየት ትችላላችሁ።

የማወራው ስለ አሮጌው ሃይሉክስ ነው፤ 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር ስላለው፣ ከአጋሮና ከሊሙ ቡና ጭኖ ስለሚመጣው። ዲ-ፎር-ዲ (አዲሱን በኮምፒውተር የሚሠራ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር) ወይም አዲሱን ዲማክስ የያዘ ሰው ስለ ናፍጣና ፊልትሮ ያለውን ያንብብ። የኖዝል፣ ማለትም ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው ዕቃ፣ ዳዶ የሚላላበት ጋ ሲደርስ ግን እጁን ይሰብስብ።

መኪናውን ሜዳ ላይ፣ ደጅ አቁሙት። ማርሹ ነጻ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ፣ ጎማው ስር ድንጋይ። አሁን ወደ ኋላ ሂዱና መዳፋችሁን ከጭስ ማውጫው አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ ያዙ። ትንፋሹ እኩል እኩል ከመታ ሞተሩ ደህና ነው። የሚያንቀጠቅጠው የሞተሩ ማረፊያ ጎማ ይሆናል፤ ተሰንጥቆ ወይም ዘይት ጠጥቶ ለስልሶ ታገኙታላችሁ። በየመሃሉ አንድ ምት የሚጎድል ከሆነ ግን አንዱ ሲሊንደር ሚስ እያደረገ ነው።

ጭሱንም እዩት። ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል ወይም ናፍጣ በዝቶበታል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው። ጠዋት ብቻ ነጭ ጭሶ፣ ትንሽ ቆይቶ ከጠራና መንቀጥቀጡም አብሮ ከቆመ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ማሞቂያ ካንዴላውን ነው። ገመዱንና ካንዴላዎቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ብረት ንቀሉና የ12 ቮልት መፈተሻ መብራት ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ካንዴላው ጫፍ አገናኙ። ካልበራ ካንዴላው ተቃጥሏል። ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ከሆነና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሆነ ደግሞ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ስር ያለው ማሸጊያ) ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የቤት ሥራው ያበቃል፣ ወደ ጋራዥ። የራዲያተሩን ክዳን በሙቀቱ እንዳትከፍቱት ብቻ።

አሁን ወደ ናፍጣው። ማደያ ሰልፍ ሲሆን ሁላችንም ከጀሪካን ገዝተናል፤ ጀሪካኑ ቀድሞ ምን እንደያዘ የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ የጅማ ክረምት አለ፣ የሰርባቶዮው (የናፍጣ ታንኩ) ክዳን ጎማ ካረጀ ዝናቡ ራሱ ይገባል። ከፊልትሮው ስር ያለችውን ማፍሰሻ ላላ አድርጉና በግልጽ ሃይላንድ ሩብ ያህል ቅዱ። ካልወረደላችሁ ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ጫን ጫን አድርጉት። ሃይላንዱን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጡና ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ። ውሃ ካለ ከታች ይተኛል፤ በእሱና በናፍጣው መካከል ጥርት ያለ መስመር ትታያለች፣ ሃይላንዱን ስታዘነብሉት መስመሯም አብራ ትሄዳለች። ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ። ውሃው አላልቅ ካለ ሰርባቶዮው ወርዶ መታጠብ አለበት፣ ፊልትሮ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ፊልትሮውን ስትቀይሩ ከታች ያለውን የውሃ ሴንሰር ወደ አዲሱ ማዛወር አትርሱ፣ የጎማ ቀለበቱንም ቀይሩት። ከዚያ የእጅ ፓምፑ እስኪጠነክር ድረስ ጫኑት። ሲያድር ፓምፑ እየላላ፣ ጠዋት ሞተሩ ተነስቶ እየጠፋ የሚያስቸግር ከሆነ አየር ይገባል ማለት ነው። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓ በሚሄደው መስመር ላይ ለጊዜው ግልጽ የናፍጣ ቱቦ ተኩና አስነሱት። አረፋ ካያችሁ ወደ ሰርባቶዮው አቅጣጫ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ አጥብቁ፣ የደረቀውን ጎማ ቀይሩ።

የአየር ፊልትሮውን ሳልጠቅስ ብዙ ሄድኩ፣ ግን ነገሩ አጭር ነው። የዴዶን መንገድ አቧራ የጠጣ ፊልትሮ ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋል፤ ካልጠራ ይጣላል። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው፣ ፊልትሮው ሲደፈን ጥቁሩ ጭስ ቶሎ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም ሚስ ካደረገ፣ ጥፋተኛውን ሲሊንደር እንፈልጋለን። መነጽር አድርጉ፣ ጓንት አጥልቁ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ በ17 ቁልፍ የመጀመሪያውን ኖዝል የቱቦ ዳዶ በጨርቅ ሸፍናችሁ ትንሽ ብቻ አላሉት፣ ናፍጣው ላብ ላብ እስኪል። የሞተሩ ድምፅ ከተበላሸ ያ ሲሊንደር ይሠራል። አጥብቁና ወደሚቀጥለው። ስታላሉት ምንም ለውጥ የማያመጣው እሱ ነው የምትፈልጉት። በግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ስለዚህ ጣታችሁን ፊቱ እንዳታደርጉ። ዲ-ፎር-ዲና መሰሎቹ ላይ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፤ እዚያ ይህን መሞከር ሰው ይገድላል።

ያገኛችሁትን ኖዝል ሞተሩ ጠፍቶ ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ፣ ከስር ያሉትን የመዳብ ዋሸሮች በአዲስ ተኩ። ሚስ ማድረጉ ከኖዝሉ ጋር ከተዛወረ ኖዝሉን ብቻ ይዛችሁ ማስፈተሽ ነው። እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቀረ ኮምፕሬሽን ይለካ፤ ቫልቮላ ወይም ፒስተን ሊሆን ይችላል። ፖምፓው የሚጠረጠረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሲስተካከልላችሁ ሜዳ ላይ አትፈትሹት። ወደ ጂሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ አስወጡትና ጉልበቱንም ጭሱንም እዩ። ስትመለሱ ያላላችኋቸውን ዳዶዎች በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ዳግም የረጠበ ካለ እንደገና አጥብቁት።