ከአሮጌ ሪሞት የሠራሁት የሮቦት ዓይን

ይህ ዓይን ኢንፍራሬድ (ለሰው ዓይን የማይታይ ብርሃን) ልኮ፣ ከዕቃ ነጥሮ የሚመለሰውን በመለካት ዕቃ መቅረቡን ያውቃል። የመጀመሪያው ሙከራዬ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ እንከን አልነበረውም። ግቢ ሳወጣው ግን ሮቦቷ የውሃ በርሜሉን ገጨችው። የድሬዳዋ ፀሐይ ራሷ ኢንፍራሬድ ትረጫለችና!

ኢንፍራሬድ ኤልኢዲውን (ብርሃን ላኪውን አምፖል) ከተበላሸ የቴሌቪዥን ሪሞት ነቀልኩ፤ ፎቶትራንዚስተሩን (ብርሃን ተቀባዩን) ገዛሁ። የተነቀለ ኤልኢዲ እግሩ አጭር ስለሆነ ፖዘቲቩ በእግር ርዝመት አይለይም። በ220 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት ገዳቢ) በኩል 5 ቮልት ስጡትና በስልክ ካሜራ እዩት፤ ሐምራዊ ብርሃን ካልታየ አገላብጡት።

ከዚያ ፖዘቲቩን በዚያው ሬዚስተር በኩል ከአርዱዊኖ (ሮቦቷን ከሚያዝዘው ሰሌዳ) 8ኛ እግር፣ ሌላውን ከግራውንድ (ከኔጌቲቩ) አገናኙ። የፎቶትራንዚስተሩ ኮሌክተር የተባለው እግር ከአርዱዊኖው መለኪያ እግር ከኤ0 ጋር ይገናኛል፤ ከዚያው ነጥብ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ 5 ቮልት ይሄዳል። ሌላው እግሩ፣ ኤሚተሩ፣ ወደ ግራውንድ ነው።

ኤልኢዲውንና ፎቶትራንዚስተሩን ጎን ለጎን ስታቆሙ ብርሃኑ በቀጥታ እንዳይሻገር መካከላቸውን ጋርዱ። እኔ በጥቁር የእስክሪብቶ ክዳን ጋርጄ ሁለት ቀን ባከንኩ፤ ለካ ጥቁር ፕላስቲክ ሁሉ ኢንፍራሬድ አያግድም። የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት በፕላስተር ጠቅልዬ ተገላገልኩ። ወረቀቱ እግሮቹን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ።

ፀሐይዋን የምናታልለው በፕሮግራሙ ነው። ኤልኢዲው ጠፍቶ ኤ0ን አንብቡ፤ አብርታችሁ 1 ሚሊሰከንድ ቆዩና ደግማችሁ አንብቡ። ብርሃን ሲበዛ ንባቡ ስለሚያንስ ከመጀመሪያው ንባብ ሁለተኛውን ቀንሱ፤ ልዩነቱ ሲጨምር ዕቃው ቀርቧል ማለት ነው። በቀትር ሁለቱም ንባቦች ወደ ዜሮ ከተጠጉ 10 ኪሎ ኦሙን በ2.2 ኪሎ ኦም ቀይሩት፤ ርቀቱ ያጥራል እንጂ አይታወርም።

በመጨረሻም ነጭ ወረቀት በ5፣ በ10 እና በ15 ሴንቲሜትር አቁማችሁ ልዩነቱን መዝግቡ። ጥቁር ጫማ በዚያው ርቀት ያነሰ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል።